ቀይ ወይን ለምን አፍ ይይዛል?

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው ሦስት ጥያቄዎች ከጅማ ከተማ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም በፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠባይና ጣዕም ላይ ያተኮሩ ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ጉዳዮችን አንድ ላይ ስላነሳ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «ለዓምዱ አዘጋጅ። እኔ በጅማ ከተማ በቡና ሥራ የምተዳደር፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታትም ቡና በመቅመስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለፋሲካ የባለቤቴ ወንድም ከፈረንሳይ ሲመጣ ‹ሜዶክ› የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞልን መጣ። ጠርሙሱን ለሳምንት ያህል ቡፌው ላይ ካቆየነው በኋላ በበዓሉ ዕለት ከዶሮ ወጥ ጋር ከፈትነው። እውነቱን ለመናገር ከቤተሰቡ ብርጭቆውን የጨረሰ አንድም ሰው አልነበረም። ምላስን ይሰበስባል፣ ድድን ያደርቃል፤ ወጡም ከወትሮው ይልቅ አቃጠለን። አማቴ ‹ይህ ወይን ተበላሽቷል› ብለው ብርጭቆውን ከፊታቸው ገፉት። የባለቤቴ ወንድም ግን ከጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ሲተረጉምልን የጥቁር ፍሬ፣ የጥድ እንጨትና የቫኒላ ጣዕም አለው ይላል። በቡና ላይ እምብዛም የማልስተው እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላገኘሁም። ወይኑ ተበላሽቶ ይሆን? ፍሬውና ቫኒላው ተጨምሮበት ነው ወይስ ለማሻሻጫ የተጻፈ ነው? እንዴት ሊቀመስ ይገባው ነበር?» — ቡና ቀማሽ፣ ከጅማ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከገለጹልን ሁኔታ ስንነሳ ወይኑ የተበላሸ አይመስልም። የተበላሸ ወይን ራሱን የሚያጋልጠው በሌላ መንገድ ነው። አየር ገብቶት የከረመ ወይን ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፤ ቡሹ የበከለው ወይን ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ እንደያዘ መጋዘን ይሸታል። ይህን ሁለተኛውን ሽታ የሚያመጣው ቲሲኤ በሚል አጭር ስም የሚጠራ ውህድ ሲሆን፣ በቡና ዓለም የሪዮ ጣዕም የሚባለው ጉድለትም ከዚሁ ውህድ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ በቡና ላይ የሰለጠነ አፍንጫ እንዲህ ያለውን ነውር ገና ቡሹ ሲነቀል ይለየዋል። እርስዎን ያስቸገረዎት ነውር ሳይሆን የዚያ ወይን ዋነኛ ጠባይ ነው፤ ስሙም ታኒን ይባላል።

ታኒን በወይን ፍሬ ቆዳ፣ በዘሩና በዘለላው እንጨት ውስጥ፣ እንዲሁም ወይኑ በሚያርፍበት የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ወደ አፍ ሲገባ በምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ምራቅ አፍን የሚያለሰልሰው በዚያ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ታኒኑ ፕሮቲኑን ሲይዝበት ምላስና ድድ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ያን ጊዜ ነው «አፌን ያዘኝ» የምንለው። ይህ ከምሬትም ከኮምጣጣነትም የተለየ፣ ከጣዕም ይልቅ ወደ መዳሰስ የሚያደላ ስሜት ነው። በልጅነትዎ ዶቅማ ለቅመው በልተው ከነበረ፣ ከጣፋጩ ሥጋ በኋላ ምላስዎ ላይ የቀረው ሻካራነት ይህ ነበር።

ሦስቱን ስሜቶች ለመለየት በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ሙከራ አለ። በአንድ ስኒ ያለ ስኳር ጠቆር ያለ ቡና፣ በሁለተኛው ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ በሦስተኛው ሻይ ቅጠል በዝቶበት አሥር ደቂቃ ያህል የፈላ ሻይ ያዘጋጁ። ቡናው ምሬትን፣ ሎሚው ምራቅ የሚያስመጣውን ኮምጣጣነት፣ ሻዩ ደግሞ ታኒን የሚያደርገውን አፍ መያዝ ለየብቻ ያሳዩዎታል። ከዚያ በሻዩ ላይ ጥቂት ወተት ጠብ አድርገው እንደገና ይቅመሱት። አፍ የሚይዘው ነገር ወዲያውኑ ሲለዝብ ያገኙታል፤ ታኒኑ ከምራቅዎ ፕሮቲን በፊት የወተቱን ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው። ይህችን ነገር በልብዎ ይያዟት፤ ስለ ምግቡ ስንነጋገር እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንሂድ። ጥቁር ከሚባለው ወይን እንኳ ተጨምቆ የሚወጣው ጭማቂ ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር ቀለም የለውም። ቀለሙም ታኒኑም ያለው በቆዳው ላይ በመሆኑ፣ ቀይ ወይን ለመሥራት ጭማቂው ከነቆዳው መብላላት አለበት። ለጅማ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። እሸቱ ተፈልፍሎና ታጥቦ የሚዘጋጀው ቡና ጥርት ያለ ጣዕም ሲይዝ፣ ከነቆዳው በአልጋ ላይ ደርቆ ጀንፈል የሚሆነው ቡና ግን ፍሬ ፍሬ የሚልና አፍ የሚሞላ ይሆናል። ነጭ ወይን ቆዳው ቶሎ ስለሚለይለት ወደ ታጠበው ቡና፣ ቀይ ወይን ደግሞ ወደ ጀንፈሉ ይጠጋል። በሜዶክ ጭማቂው ከቆዳው ጋር ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ከዚያም በደህናዎቹ ወይን አምራች ቤቶች 225 ሊትር በሚይዙ የኦክ በርሜሎች ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ሜዶክ ራሱ ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን፣ በጂሮንድ ወንዝ መውጫና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የተዘረጋ ዝቅተኛና ጠፍጣፋ መሬት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ረግረጉን እስኪያጠነፍፉት ድረስ ብዙው ክፍሉ ለእርሻ የሚመች አልነበረም። ለወይኑ የጠቀመው ወንዞች ከጥንት ጀምሮ ተሸክመው ያመጡት ጠጠር ነው። ጠጠሩ የዝናቡን ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ቀን የሰበሰበውን የፀሐይ ሙቀትም ይዞ ማታ ለተክሉ ይመልሳል። ዘግይቶ ለሚበስለው፣ ፍሬው ትንንሽና ቆዳው ወፍራም ለሆነው ካቤርኔ ሶቪኞን ለተባለው የወይን ዝርያ እንዲህ ያለ ሞቃት አፈር ያስፈልገዋል። ፍሬው ትንሽና ቆዳው ወፍራም ሲሆን ከጭማቂው አንፃር የቆዳው ድርሻ ስለሚበዛ ታኒኑም ይበዛል። ለዚህ ነው የሜዶክ ገበሬዎች ከእርሱ ጋር ቀድሞ የሚበስለውንና ለስለስ ያለውን ሜርሎ የሚቀላቅሉት፤ ውቅያኖሱ በቀረበበት አገር በለቀማ ሰሞን ዝናብ ቢመጣ እንኳ ከሁለቱ አንዱ ይተርፋልና። በነገራችን ላይ ይህ ኃይለኛ ቀይ ወይን በአንድ ወገን ከነጭ ወይን የተወለደ ነው፤ በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በዘረ መል ምርመራ እንዳረጋገጡት የካቤርኔ ሶቪኞን ወላጆች ካቤርኔ ፍራንና ነጩ ሶቪኞን ብላን ናቸው።

በጠርሙሱ ጀርባ የተጻፉት ፍሬዎችስ? ማንም አልጨመራቸውም። ሜዶክ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስያሜ ሲሆን፣ በዚህ ስም በሚሸጥ ወይን ውስጥ ፍራፍሬም ሆነ ቫኒላ መጨመር አይፈቀድም። ሽታዎቹ የሚገኙት ከወይኑ ፍሬ፣ እርሾው ስኳሩን ሲያብላላ ከሚፈጥራቸው ውህዶችና ከበርሜሉ ነው። በርሜሉ ሲሠራ እንጨቱ በእሳት ይለበለባል፤ ቫኒላ የሚሸተው ቫኒሊን ከዚያ ይወጣል፤ ለቅርንፉድ ሽታውን የሚሰጠው ዩጂኖልም በዚያው እንጨት ውስጥ ይገኛል። በደንብ ያልበሰለ ካቤርኔ አረንጓዴ ቃሪያ ይሸታል። ይህን የሚያደርገው ፒራዚን ከሚባሉት ውህዶች አንዱ ሲሆን ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ይቀንሳል። ያው ውህድ በጥሬ ቡና ውስጥም ስላለ፣ እርስዎ ስሙን ሳይሰሙ ለዓመታት ሲያሸቱት ኖረዋል ማለት ነው።

እርስዎ ፍሬውን ያላገኙበት አንዱ ምክንያት፣ በእኛ እምነት፣ የፈለጉት በሌላ አገር ሰው ስም መሆኑ ነው። የወይን ጸሐፊዎች ስለ ካቤርኔ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚያነሱት ብላክከረንት የተባለውን ፍሬ ነው፤ ጅማ ገበያ ላይ የማይሸጥ ፍሬ በጅማ ሰው ትዝታ ውስጥ ሊኖር አይችልም። አጋም ግን አለ። እስኪጠቁር የበሰለ አጋም ቆዳው ሲፈርጥ የሚሰጠው ጣፋጭና ኮምጣጣ ጣዕም፣ ከኋላም የሚከተለው ትንሽ ምሬት ለሜዶክ ወይን ከየትኛውም የውጭ ፍሬ ይልቅ የሚቀርብ ገላጭ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ዶቅማን፣ የዱር እንጆሪን፣ ኮረሪማን፣ ቅርንፉድን የሚያውቅ ሰው ቃል አላነሰውም፤ ቀማሽ ወይንን በራሱ ቃላት ቢገልጽ ስህተት የለበትም።

ይህን የምጽፈው ያየሁትን ነገር ይዤ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ እዚሁ ጅማ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር በረንዳ ላይ በባለ ሦስት እግር በርጩማዎቻችን ተቀምጠን አንድ የሜዶክ ጠርሙስ በሦስት መልክ ቀመስን። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ከቀኑ ሙቀት እንዳለ፣ ሁለተኛውን ጠርሙሱን ሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላበት ባልዲ ውስጥ ካቆየነው በኋላ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ወደ ብርጭቆ ጆግ ገልብጠን ለአንድ ሰዓት አየር ካገኘ በኋላ ነበር የቀዳነው። የመጀመሪያው አልኮሉ አፍንጫን ከመውጋቱ በቀር ሌላ ነገር አልተሰማንም። ሁለተኛው ሰብሰብ አለ። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ግን በጡረታ ላይ ያሉት መምህር ጎረቤቴ አፍንጫቸውን ወደ ብርጭቆው አስገብተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ «ይኼማ እርሳስ ስቀርጽ የኖርኩበት ሽታ ነው» አሉ። ትክክል ነበሩ። የውጭ ጸሐፊዎች ሴዳር እያሉ የሚገልጹት የሜዶክ መለያ ሽታ ይህ ሲሆን፣ የእኛ አገር ጥድም ለእርሳስ መሥሪያ ሲፈለግ የኖረ እንጨት ነው። መምህሩ ይህን ያገኙት ጽሑፉን አንብበው አልነበረም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠርሙስ ምክራችን እንዲህ ነው። ቡፌ ላይ አያቆዩት፤ ቀዝቀዝ ባለና ብርሃን በማይገባበት ቦታ ያስቀምጡት። ሲቀርብ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን መልካም ነው፤ «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው አባባል የወጣው ከአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤቶች እንጂ ከየካቲትና ከመጋቢት የጅማ ከሰዓት በኋላ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ጆግ ይገልብጡት። ሲቀምሱም ቡና ላይ የሚያደርጉትን ያድርጉ፤ መጀመሪያ ያሽቱ፣ ከዚያ ከአየር ጋር ፉት ይበሉ፣ በአፍዎ ያዙሩት፣ ከዋጡ በኋላም ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ያስተውሉ። እናንተ ቀማሾች ቦዲ የምትሉት የአፍ ሙላት እዚህም አለ፤ አሲዱም አለ፤ ለእርስዎ አዲሱ ታኒኑ ብቻ ነው።

ዶሮ ወጡን በተመለከተ ግን በግልጽ እንናገር፤ ጥፋቱ የወይኑም የወጡም ሳይሆን የሁለቱ መገናኘት ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ በበርበሬ የተቆጣ አፍ ደግሞ ታኒኑን ይበልጥ ሻካራ አድርጎ ይቀበለዋል። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ሲቁላላ የሚያወጣው ጣፋጭነትም ስኳር የሌለውን ወይን ይበልጥ ኮምጣጣና መራራ ያስመስለዋል። ለዶሮ ወጥ ጠጅ የተሻለ ነው፤ አያቶቻችን አልተሳሳቱም። ለሜዶክ ደግሞ የወተቱን ሙከራ ያስታውሱ፦ ፕሮቲንና ስብ ያለበት፣ ጨው የነካው ምግብ ይፈልጋል። በጥብስ ቅጠል የተጠበሰ የበግ ሥጋ፣ አዋዜው ለብቻ ተቀምጦ፣ ከሁሉም ይበልጣል። በሜዶክ ውስጥ ያለችው የፖያክ ከተማ ራሷ በወይኗ ብቻ ሳይሆን በበግ ሥጋዋም የታወቀች ናት። ሚጥሚጣው የቀነሰ ለብለብ ክትፎም ጥሩ ነው። አማትዎን በዚህ መንገድ ጋብዘው የሚሉትን ቢጽፉልን በደስታ እናነበዋለን።

ጥያቄ፦ «በአንድ ሆቴል ሁለት የፈረንሳይ ቀይ ወይኖች ቀርበውልን ነበር። አንዱ የቦርዶ ሲሆን ጥቁር ነው፤ ሌላው የቡርጎኝ ሲሆን ብርጭቆውን አሳልፎ እስኪያሳይ ድረስ የሳሳ ነው። ውድ የሆነው ደግሞ የሳሳው ነው። ውሃ ተጨምሮበት ይሆን?» — አንባቢ፣ ከጅሬን

መልስ፦ ውሃ አልተጨመረበትም፤ ዝርያው ነው። የቡርጎኝ ቀይ ወይን የሚሠራው ፒኖ ኗር ከተባለ ቆዳው ስስ ከሆነ ወይን ሲሆን፣ ቀለሙም ታኒኑም አነስተኛ ነው። በዚያ ፈንታ ሽታው ይበረታል፤ ገና አዲስ ሳለ እንጆሪና ቼሪ፣ ሲያረጅ እርጥብ የጫካ አፈርና እንጉዳይ ይሸታል። የቡርጎኙ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ብዙ የሚያፈራውን ጋሜ የተባለ ዝርያ ከግዛቱ እንዲነቀል ያዘዘው ለዚህ ለፒኖ ብሎ ነበር፤ ጋሜ ግን ከደቡብ ባለው በቦዦሌ ተርፎ እስከ ዛሬ ቀለል ያለና ቀዝቀዝ ብሎ የሚጠጣ ወይን ይሰጣል። ዋጋው የሚወደደው ደግሞ መሬቱ በጥቃቅን ቁራጭ ተከፋፍሎ ከአንዳንዱ ማሳ በዓመት ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ብቻ ስለሚገኝ ነው። ክሊማ የሚባሉት እነዚህ የቡርጎኝ ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጥቁርና ቅመም ቅመም የሚል ወይን ከወደዱ ግን ወደ ሰሜን ሮን ሸለቆ ይሂዱ። በዚያ የሚበቅለው ሲራ የተባለ ዝርያ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩትም ሽታውን የሚያመጣው ሮተንዶን በራሱ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ውህድ ነው። ሲራን ለመቅመስ ፈረንሳይ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ በዝዋይ ከሜርሎና ከካቤርኔ ሶቪኞን ጋር ይለማል።

ጥያቄ፦ «ቀይ ወይን ከተከፈተ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል? ጠርሙሱ ሥር ያየሁት ዝቃጭስ ጎጂ ነው?» — አንባቢት፣ ከጅማ

መልስ፦ ቡሹን መልሰው ገጥመው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጡት ታኒን የበዛበት ወይን ሦስት ወይም አራት ቀን፣ የሳሳው ደግሞ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ስለሚበዛ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ቢገለብጡት ይሻላል። ከመጠጣትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ከማቀዝቀዣ ያውጡት፤ በጣም ቀዝቃዛ ቀይ ወይን ፍሬውን ደብቆ ታኒኑን ያጎላልና። ዝቃጩ ታኒንና ቀለም እርስ በርስ ተያይዘው ሲከብዱ የሚወርዱት ነው፤ አይጎዳም፣ ነገር ግን አፍ ውስጥ ይሻክራል። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ሲቀዱም አያናውጡት፤ ጭቃ መሰሉ ነገር ወደ ጠርሙሱ አንገት ሲቀርብ መቅዳትዎን ያቁሙ።